የባለጸጎቹ ፉርጎዎች፦ ማን አተረፋቸው?

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ ባለ 16 ጎማ የእንጨት ፉርጎ]

ማርች 18 ቀን 1911 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ አቅራቢያ በደረቅ ሣር ላይ የተነሣ እሳት በነፋስ እየተገፋ ሄዶ ከአንድ አሮጌ የእንጨት ፉርጎ ደረሰና በላው። (በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተቃጠለው ፉርጎ «ዩናይትድ ስቴትስ» የሚል ስም ነበረው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የባቡር ወርክሾፕ ለፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን መጓጓዣነት ተሠርቶ በ1865 መጀመሪያ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ ግን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈሩበትም። የተጓዙበት ከተገደሉ በኋላ ነው። በ1862 ከሞተው ልጃቸው ከዊሊ አስከሬን ጋር ጎን ለጎን ሆነው ኤፕሪል 21 ቀን ከዋሽንግተን ተነሥተው፣ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ሜይ 3 ቀን ኢሊኖይ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የዚህ ዝግጅት ዋና ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፉርጎው ወደ ዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ኩባንያ ተላልፎ ሲያገለግል ቆየ፤ ሲያረጅ ጌጡ ተገፍፎ የሐዲድ ሠራተኞች መጠለያ ሆነ። እንዲህ ተንቆ ዝናብና በረዶ እየወረደበት ለዓመታት ኖረ። በ1905 ግን ቶማስ ሎውሪ የተባለ የሚኒያፖሊስ ባለሀብት ሊያሳድሰውና በክብር ሊያኖረው ገዛው፤ ሐሳቡን ሳይፈጽም በ1909 ሞተ። ሎሌ ሆኖ ሲሠራ የኖረው ፉርጎ፣ ቅርስ ተብሎ በቆመ በስድስት ዓመቱ ነደደ።

የግል ፉርጎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቅድሚያ እንግለጽ። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ጆርጅ ፑልማን የተባለው የቺካጎ ሰው አልጋ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያላቸውን የመኝታ ፉርጎዎች በብዛት እያሠራ ለባቡር ኩባንያዎች ማከራየት ሲጀምር፣ መንገደኛው ሕዝብ በሐዲድ ላይ ተኝቶ መጓዝን ለመደ። ሀብታሞቹ ግን የተከራዩት አልጋ አልበቃቸውም። የማዕድን ባለቤቶች፣ ባንከኞችና ከሁሉም በላይ የባቡር ኩባንያዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው፣ ሎኮሞቲቭ ሳይኖራቸው ፉርጎ ብቻ እያሠሩ፣ ወደፈለጉበት ከሚሄድ መደበኛ ባቡር ጅራት ላይ ያስቀጥሉ ጀመር። ዛሬ የግል አውሮፕላን የሚያሳየውን ደረጃ ያኔ የሚያሳየው ይህ ነበር።

[ምስል፦ የፉርጎ ወለል ንድፍ፣ ከኋላ ወደፊት]

ውስጡ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት አሠራር ነበረው። ከኋላ ጫፍ የነሐስ አጥር ያለው በረንዳ አለ፤ ባለቤቱ ከዚያ ላይ ሆኖ ሐዲዱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ያያል፣ ጣቢያ ላይም ለተሰበሰበው ሰው ባርኔጣውን ያነሣል። ከበረንዳው ቀጥሎ ትልልቅ መስኮቶች ያሉት ሳሎን፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ በአንድ ጎን በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ የሚደረስባቸው የመኝታ ክፍሎች፣ ከዚያ የምግብ ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ ሎኮሞቲቩ በኩል ማዕድ ቤቱና የሠራተኞቹ ማደሪያ ይገኛሉ። ግድግዳው ማሆጋኒ ወይም ኦክ ሲሆን፣ ቀለማቸው የተለያየ ስስ እንጨቶች እየተገጣጠሙ አበባና ሐረግ ይሠራበታል። የእንጨቱ ገላ በብዙ ንብር ቫርኒሽ ይለበጥ ስለነበር፣ የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች እነዚህን ፉርጎዎች በአጭሩ «ቫርኒሽ» ይሏቸው ነበር። በቃሉ ውስጥ ጥቂት ሽሙጥ አለበት፤ ድንጋይ ከሰል ሲዝቅ ከሚውል ሰው አፍ የወጣ ነውና አይፈረድበትም።

ማዕድ ቤት አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ያድሩ የነበሩት አብሳዮችና አስተናጋጆች አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በፑልማን የመኝታ ፉርጎዎች ላይ የሚያገለግሉትን አስተናጋጆች፣ ተሳፋሪዎቹ እውነተኛ ስማቸውን ሳይጠይቁ በአሠሪያቸው ስም ሁሉንም «ጆርጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። እነዚሁ ሰዎች በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ኩባንያው ውል እንዲፈርም አስገድደዋል። የታደሰ ፉርጎ ስትጎበኙ አስጎብኚው ሳሎኑን አሳይቶ ማዕድ ቤቱን ዘሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ የታሪኩን ግማሽ ዘሏል።

የዚህ ኑሮ መጨረሻ የመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። የገቢ ግብር፣ አውቶሞቢል፣ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት፣ ኋላም አውሮፕላን ተከታትለው መጡ፤ የብረት ፉርጎ ሲስፋፋ ደግሞ የእንጨቶቹ ዋጋ ወደቀ። ብዙዎቹ ብረታቸው እንዲለቀም ሲባል እንጨታቸው ተቃጠለ። ታዲያ ዛሬ የምናያቸው እንዴት ተረፉ?

[ምስል፦ ፓልም ቢች፣ ፍሎሪዳ፤ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ አዳራሽ]

ሄንሪ ፍላግለር ከጆን ሮክፌለር ጋር ስታንዳርድ ኦይልን የመሠረተ፣ በኋላም የፍሎሪዳን ምሥራቃዊ ጠረፍ በሐዲድ ያገናኘ ሰው ነው። 91 ቁጥር የግል ፉርጎው በ1886 ዴላዌር ውስጥ ዊልሚንግተን ከተማ በጃክሰን ኤንድ ሻርፕ ኩባንያ ተሠራለት። ባሕር ላይ በድልድይ የተዘረጋው ሐዲድ ተጠናቆ ጃንዋሪ 22 ቀን 1912 የመጀመሪያው ባቡር ኪ ዌስት ደሴት ሲገባ፣ ፍላግለር በ82 ዓመቱ የደረሰው በዚሁ ፉርጎ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሞተ። ፉርጎው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1959 ሲገኝ ቴነሲ ውስጥ የእርሻ ሠራተኞች መኖሪያ ሆኖ ነበር። በሚሊየነሩ ሳሎን ውስጥ የጭሰኛ ቤተሰብ ያድርበት ነበር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ «ምን ያህል ተዋርዶ!» ብለው ይቆጫሉ። እኔ ግን ከቁጭቱ ይልቅ ምስጋናው ይቀድመኛል። ሰው የሚኖርበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ይደፈናል፤ መስኮቱ ሲሰበር ቢያንስ ጣውላ ይመታበታል፤ ክረምት እሳት ይነድበታልና እርጥበቱ ይደርቃል። የሌላው የባቡር ከበርቴ የጄይ ጉልድ ፉርጎ «አታላንታ»ም ሰው የኖረበት ሲሆን፣ ኋላ ጀፈርሰን በተባለች አነስተኛ የቴክሳስ ከተማ ያሉ ሴቶች በአትክልት ማኅበራቸው ስም ገዝተው ለጉብኝት አበቁት። ሁለቱንም ፉርጎዎች በመሐል ያሻገራቸው ጣሪያ ያስፈለገው ሰው ነው።

የፍላግለር ፉርጎ በልጅ ልጁ አማካይነት ወደ ፓልም ቢች ተመለሰና፣ ቤቱ ሙዚየም በሆነበት ግቢ በ1967 ታደሰ፤ በኋላም በዴላዌር ቤተ መዛግብትና በሌሎች ተቋማት የተገኙ የጥንት ሰነዶችና ፎቶግራፎች ተመርምረው በድጋሚ ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲቀርብ ተደርጓል። ዛሬ ጎብኚው በኦክ የተለበጠውን ሳሎን፣ በመዳብ የተለበጠውን የመታጠቢያ ስፍራ፣ የበረዶ ሣጥንና የእንጨት ምድጃ ያላትን ማዕድ ቤት ያያል። ከ2005 ጀምሮ የሚገኘው ልዩ በተሠራለት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከእድሳቱ ሁሉ የሚበልጠውም ይህ አዳራሽ ይመስለኛል።

[ምስል፦ የእጅ መብራት ያበራበት የፉርጎ ሆድ፤ በወስፌ የሚፈተሽ ተሸካሚ እንጨት]

ምክንያቱን ለማየት ፉርጎው ሥር መግባት ያስፈልጋል። የእንጨት ፉርጎ ጠላቱ ከላይ የሚወርድ ውሃ ነው። ጣሪያው በቀለም የተጠገበ ሸራ የለበሰ ሲሆን፣ ሸራው ከመገጣጠሚያው ላይ ሲሰነጠቅ ውሃው ሳሎን ውስጥ አይንጠባጠብም፤ በግድግዳው ውስጥ በቋሚዎቹ ላይ ወርዶ፣ ቋሚዎቹ ከተተከሉበት ረጅም የታች ተሸካሚ እንጨት ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከውስጥ ማሆጋኒው እያበራ፣ ከውጭ ቀለሙ ደህና መስሎ፣ ሥሩ ግን ያለቀ ፉርጎ ይገኛል። አዳሹ መጀመሪያ የሚይዘው መሣሪያ ወስፌ ነው። ተሸካሚውን በየስንዝሩ እየወጋ ይሄዳል፤ ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይገፋል፣ የበሰበሰው ግን እስከ እጀታው ያስገባዋል። የበሰበሰው ክፍል ሲቆረጥ የፉርጎው ገላ እንዳይጎብጥ አስቀድሞ በክሪክ መደገፍ አለበት፤ ቋሚዎቹ በተራ ካልተተኩ መስኮቶቹ ከማዕዘናቸው ይወጣሉ፣ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፉርጎው ተመልሶ ሜዳ ላይ ከቆመ ያው ሥራ እንደገና ይጀመራል። ገንዘብ ያለው በቅድሚያ ጣሪያ ይሥራ የሚባለው ለዚህ ነው።

የብረት ፉርጎ ችግሩ ሌላ ነው። በ1929 በፑልማን የተሠራው «ፈርዲናንድ ማጄላን» በ1942 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲዘጋጅ ጎኑ፣ ወለሉና ጣሪያው በ16 ሚሊ ሜትር የብረት ጋሻ ተለበጠ፤ መስኮቱ 76 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥይት የማይበሳው መስታወት ተገጠመለት፤ ክብደቱም 129 ቶን ገደማ ደረሰ። በ1948 ምርጫ ፕሬዚዳንት ትሩማን የተሸነፉ መሆናቸውን በስሕተት ያወጀውን ጋዜጣ እየሳቁ ከፍ አድርገው የተነሡት ታዋቂ ፎቶግራፍ የተወሰደው በዚህ ፉርጎ በረንዳ ላይ፣ ሴንት ሉዊስ ጣቢያ ነው። አሁን በማያሚ ጎልድ ኮስት የባቡር ሙዚየም ይገኛል። እንዲህ ያለው ገላ አይበሰብስም፤ ሁለት ብረት በተደራረበበት ስፍራ የሚገባው ዝገት ግን እያበጠ ምስማሩን ይገነጥለዋል።

በጥበቃ ባለሙያዎችና በግል ባለቤቶች መካከል ያልተቋጨ ክርክርም አለ። አንዳንድ የግል ፉርጎዎች ዛሬም አምትራክ በተባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ኩባንያ ባቡሮች ጅራት ተቀጥለው ይጓዛሉ፤ ኩባንያው በ2018 ጉዞዎቹን ቢገድብም ጨርሶ አልከለከላቸውም። ለመጓዝ ግን ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያና የታደሰ የጎማ አካል ማሟላት ግዴታ ነው፤ እያንዳንዱ ማሟያ ደግሞ ከጥንቱ ዕቃ ጥቂቱን ያስወጣል። እኔ ወደሚሄደው አደላለሁ፤ የሚሄድ ፉርጎ በየጊዜው ይፈተሻልና።

ይህ ምርጫ ሁሉም ዘንድ የለም። በአዲስ አበባ ለገሃር የቆዩት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፉርጎዎች የተሠሩት አንድ ሜትር ስፋት ላለው የጥንቱ የጅቡቲ መስመር ነው፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማቸው ስለማይገጥምለት አዲሱ መስመር ላይ ሊወጡ አይችሉም፤ ለእነርሱ ያለው ጥያቄ የጣሪያ ጥያቄ ብቻ ነው።

[ምስል፦ በነጭ ወረቀት ላይ የተቀመጠ የመስኮት ክፈፍ ስባሪ]

ከሊንከን ፉርጎ ቃጠሎ አንድ የመስኮት ክፈፍ ስባሪ ተርፎ ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቷል። ፎቶግራፎቹ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ስለነበሩ፣ የዓይን ምስክሮችም ስለማይስማሙ፣ የፉርጎው ቀለም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ነበር። በ2013 አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከስባሪው ላይ ያለውን ቀለም መርምሮ ጥቁር ቡናማ ቀይ መሆኑን አስታወቀ። ሐዘኑ 150 ዓመት በሞላው በ2015 በስፕሪንግፊልድ ለሕዝብ የታየው፣ አዲስ የተሠራ አምሳያ ፉርጎም ቡናማ ቀይ ተቀብቶ ቆመ።