ስብርባሪ የሞላ ሳጥን

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ይህን ሳጥን ነው። ከፊት ያላችሁ ውስጡን ታያላችሁ። ከኋላ ላላችሁ ልንገራችሁ፤ ጣት የሚያካክሉ የሸክላ ቁራጮች ናቸው። 142 ናቸው። እያንዳንዳቸው ጀርባቸው ላይ ቁጥር አላቸው። አንዳንዶቹ አረፋ አውጥተዋል። አንዳንዶቹ ተሰንጥቀዋል። ጥቂቶቹ የምድጃው መደርደሪያ ላይ ተጣብቀው በመሮ ነው የተላቀቁት። ሦስት ወር ሬዚደንሲ ቆይቼ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። ለሽያጭ የሚሆን አንድም ዕቃ የለም። እህቴ ከፈተችውና አየት አድርጋ፣ "ሦስት ወር ሙሉ ይቺን ስትሠሪ ነው የከረምሽው?" አለችኝ።

አዎ፣ እሷን ነው።

ሬዚደንሲ ምን እንደሆነ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ተቋም ለተወሰነ ጊዜ የሥራ ቦታ፣ መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜም ማደሪያ ይሰጣችኋል። እናንተ የራሳችሁን ሥራ ትሠራላችሁ። ትምህርት ቤት አይደለም፤ ፈተና የለም። መሥሪያ ቤትም አይደለም፤ አለቃ የለም። ሁለት ሳምንት ብቻ የሚቆይ አለ። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የፔንላንድ የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስት ዓመት የሚያቆይ ፕሮግራም አለው። አንዳንዱ አበል ይከፍላል። አንዳንዱ ጭራሽ ያስከፍላል። እዚህ ነገር ላይ እመለስበታለሁ፤ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

መጀመሪያ ስለ እጅ ላውራ።

የእደ ጥበብ ሰው እጁ ይለምዳል። ኩራታችንም እሱ ነው። ጭቃው ማሽከርከሪያው ላይ ገና ከማረፉ አውራ ጣት መሃሉን ያገኘዋል። ሸማኔ መወርወሪያውን ሳያየው ይወረውራል። ግን የለመደ እጅ ሁልጊዜ የለመደውን መሥራት ነው የሚፈልገው። በራሳችን ስቱዲዮ ደግሞ ከልማዱ የሚያናጥበው ነገር የለም። ኪራይ አለ። ትዕዛዝ አለ። ደንበኛ ይመጣና "ካለፈው ዓይነት ስድስት ጨምሪልኝ" ይላል። ስድስት እንጨምራለን። ዓመት ያልፋል። አምስት ዓመትም ያልፋል።

አንዲት አዲስ ግሌዝ፣ ማለትም ሸክላው ላይ ተቀብቶ ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆነውን ሽፋን፣ ለመሞከር ምን እንደሚያስፈልግ ሸክላ ሠሪዎቹ ታውቁታላችሁ። ዱቄቱን በግራም መመዘን፣ በወንፊት ማሳለፍ፣ መቀባት፣ ማቃጠል፣ መጠበቅ፣ መመዝገብ። ስቶንዌር የምንለው ጠንካራ ሸክላ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ምድጃው ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጃል። ለመብረድ ከዚያም ይብሳል። ታዲያ የሚሸጥ ዕቃ የሚይዘውን መደርደሪያ ለሙከራ ቁራጭ የሚሰጥ ማን ነው? "ሲመቸኝ እሞክረዋለሁ" እንላለን። አይመቸንም።

ሬዚደንሲ ማለት ለእኔ ያ "ሲመቸኝ" ያልነው ቀን በቀጠሮ ሲመጣ ነው።

እኔ ይዤ የሄድኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ግሌዝ ውስጥ ምን ያህል የእንጨት አመድ ይግባ? አመድ ውስጥ በብዛት ያለው ካልሲየም ነው። በከፍተኛ ሙቀት ሌሎቹን ማዕድናት ያቀልጣቸዋል። ሲያንስ ግሌዙ ደረቅና ሻካራ ይሆናል። ሲበዛ ቁልቁል ይፈሳል። በመሃል የሆነ ቦታ ላይ ቆንጆ ነው። የት ላይ ነው? አምስት አምስት በመቶ እየጨመርኩ ወረድኩ። ሳጥኑ የሞላው በዚህ ነው።

ግን ትልቁን ነገር የተማርኩት ከአመዱ አይደለም። ካፈነዳሁት ምድጃ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጓጉቻለሁ፤ ሦስት ወር የሚያልቅብኝ መስሎኛል። በደንብ ያልደረቁ ዕቃዎች ከተትኩና ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ከፍ አደረግሁት። ጭቃ ውስጥ የቀረ ውሃ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ካጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ጠዋት ስከፍተው ምድጃው ጠጠር የተደፋበት መሬት መስሏል። የባሰው ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የአንዲት ባልደረባዬ ሁለት ዕቃዎች ነበሩ። የእኔ ፍንጣሪ አገኛቸው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሷ ምንም አላለችኝም። መጥረጊያ ይዛ መጣችና አብረን ማጽዳት ጀመርን። ከዚያ አንድ የእኔን ስባሪ አነሳች። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችና "ታች ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ታወፍሪዋለሽ?" አለችኝ። አየሁት። ከንፈሩ ላይ ስስ ነው። ወገቡ ደህና ነው። ታች፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ እጥፍ ሆኗል። ሌላ ስባሪ አነሳሁ። ያው ነው። ሌላም፤ ያው።

ተማሪ ሳለን የሠራነውን ዕቃ እርጥቡን በሽቦ ለሁለት ሰንጥቀን ውፍረቱን እናይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን የሚሸጠውን ይሰነጥቃል? ለዓመታት ዕቃዎቼ ትንሽ እንደሚከብዱ ይሰማኝ ነበር። የጭቃው ጠባይ ነው እል ነበር። የእጄ ጠባይ ኖሯል። ለብቻዬ ብሆን ስብርባሪውን ጠርጌ እጥለው ነበር።

ከሰው ጋር አብሮ መሥራት ጥቅሙ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ፣ ሞንታና፣ ሄሌና ከተማ አቅራቢያ አርቺ ብሬይ የሚባል የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ግቢው ውስጥ የሸክላ ስቱዲዮ አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ የሬዚደንሲ አርቲስቶች ፒተር ቮልኮስና ሩዲ ኦቲዮ ነበሩ። በዓመቱ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች፣ ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሾጂ ሐማዳና የጃፓን የሕዝብ እደ ጥበብ አሳቢው ሶኤትሱ ያናጊ እዚያው መጥተው አስተማሩ። ቮልኮስ በኋላ የዕቃን ቅርጽ አፍርሶ እንደገና የሚቆልል ትልቅ የሸክላ ቀራጺ ሆነ። በአንድ ጉብኝት ሆነ አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጉብኝት አይሆንም። ግን ያን ያህል እጅ ባንድ ግቢ ሲገናኝ አስቡት።

ሬዚደንሲ የሚሰጠው ሌላው ነገር መሣሪያ ነው። ይህን ቶሎ ልለፈው፤ ግልጽ ነውና። የመስታወት ሠሪ ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቀንና ሌሊት ይነድዳል። ለብቻው የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። ኮህለር ደግሞ የሽንት ቤት መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ የሚያመርት ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን በሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ አርቲስቶች ከሠራተኞቹ ጎን ይሠራሉ። ፈሳሽ ጭቃ በጀሶ ፎርማ ማፍሰስን ዕድሜውን ሙሉ ከሠራው ሰው ይማራሉ። እንዲህ ያለውን ሰው የትም ኮርስ ላይ አታገኙትም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልመለስ። እዚህ የፕሮግራም ኃላፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።

ሦስት ወር ከቤት መውጣት የሚችለው ማን ነው? ትንሽ ልጅ ያላት እናት አይደለችም። ደመወዝ የሌለው፣ ወር በገባ ቁጥር ኪራይ የሚጠብቀው አይደለም። ማመልከቻው ራሱ ክፍያ ሲኖረው ደግሞ ገና በሩ ላይ ሰው እናጣለን። አጫጭር ፕሮግራሞች አብዙ። ልጅ ይዞ መምጣት ይቻል። አበል ይኑር፤ ትንሽም ብትሆን።

ሁለተኛው፣ መዝጊያ ላይ ኤግዚቢሽን ግዴታ አታድርጉ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። መጨረሻ ላይ አዳራሽ እንደሚጠብቀው ያወቀ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚችለውን ነው የሚሠራው። ማፈር አይፈልግማ! የሚችለውን ደግሞ ቤቱም ይሠራዋል። እኔ የሄድኩበት ቦታ ኤግዚቢሽን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይህ ሳጥን አይኖርም ነበር።

ለምታመለክቱ ወጣቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማመልከቻው ላይ "ሃያ ዕቃ እሠራለሁ" አትበሉ። የማታውቁትን ነገር ጻፉ። አንድ ብቻ። ጠባብ ይሁን።

ስመለስ ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ልናገር። ስቱዲዮዬ ጠበበችኝ። የመጀመሪያው ወር ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ 87 ቁጥርን አወጣሁ። ከሳጥኑ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ግሌዙ ፈስሶ ጫፏ ላይ ሲጠራቀም ጥልቅ አረንጓዴ ሆኗል። ቅመሙን ከደብተሬ አውጥቼ፣ በግራም መዝኜ፣ ቤቴ አቃጠልኩት።

ቢጫ ሆነ! የማር ዓይነት ቢጫ።

እዚያ ያለው ምድጃ በጋዝ ነው የሚሠራው። ኦክስጅን እንዲያጥረው ሲደረግ ግሌዝ ውስጥ ያለው ብረት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የእኔ ኤሌክትሪክ ነው። አየር እንደልቡ ነው፤ ብረቱም ቢጫና ቡናማ ይሰጣል። ይህን በንድፈ ሐሳብ አውቀዋለሁ፤ ግን ተናደድኩ። የሦስት ወር ልፋቴ በአንድ ሌሊት ማር ሆነ።

በማግስቱ አመዱን አምስት በመቶ ቀንሼ ሌላ መዘንኩ። ከዚያ ሌላ። ያን ጊዜ ነው ይዤ የመጣሁት ቅመሙን እንዳልሆነ የገባኝ። አሁን ምድጃዬን ባቀጣጠልኩ ቁጥር አንድ ጥግ ለሙከራ ናት፤ ትዕዛዝ ቢደራረብም አልነካትም። ዓርብ ከሰዓት ለደንበኛ ስልክ አላነሳም። በወር አንዴ አንድ ደህና ዕቃ እርጥቡን ለሁለት እሰነጥቃለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያመኝ ነበር።

87 ቁጥርንና የቤት እህቷን ሳጥኑ ውስጥ ጎን ለጎን አድርጌያቸዋለሁ። ስንጨርስ ኑና ዳስሷቸው፤ ሸክላ በዓይን ብቻ አይታወቅም። 31 ቁጥር ግን ጠርዟ ስለት ነው፣ ተጠንቀቁ።

አመሰግናለሁ።