ኢንጂነሩም ከቡድኑ ጋር ይውጣ

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሰን። ከሩቅ የመጣችሁም እንኳን ወደ ጎንደር በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ጉዳያችን ወጣት ባዮኢንጂነሮችን፣ ማለትም የምህንድስና ዕውቀትን ለሕክምና የሚያውሉ ልጆችን፣ ለስኳር በሽታ ምርምር ማብቃት ነው። ልጆቻችን ሰርኪዩት ይሠራሉ፣ ኮድ ይጽፋሉ፣ ስለ ሴንሰር ያነባሉ። ከተመረቁ በኋላ ግን ዕድል የቀናው ሆስፒታል ይቀጠርና የተበላሸ ማሽን ሲጠግን ይውላል። ጥገና ክቡር ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ሆስፒታል ውሎ አያድርም። ግን መመራመር የሚችለውን ልጅ ሁሉ እዚያው ላይ ማስቀረት የለብንም።

የጎንደር ልጅ የምርምር ጥያቄ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ከመተማ በኩል ለቀጠሮ የመጡ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ኢንሱሊናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ይዘዋል። አብራኝ የነበረች ተማሪ፣ «ቤት የት ነው የሚያስቀምጡት አባቴ?» አለቻቸው። «ማሰሮ ውስጥ ነዋ ልጄ። ማሰሮዋን እርጥብ አሸዋ ላይ አደርጋታለሁ፤ ጠዋት ማታ ውኃ አርከፈክፍባታለሁ።» ልጅቷ ወዲያው ወደ እኔ ዞረች፤ «ውስጡ ስንት ዲግሪ ይሆናል?» ምርምር የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ ይባላል። መተማ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፍሪጅ ያለውም ሰው መብራት ይጠፋበታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የኬንያውን የዳዳብ ስደተኞች መጠለያ ሙቀት ለክተው፣ ያንኑ ሙቀት በላቦራቶሪ ደገሙት። ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት አራት ሳምንት ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳወቁ። እኛ ደግሞ እዚሁ ከተማው ዳር፣ ወለቃ፣ ሸክላ ሠሪዎች አሉን። የትኛው ሸክላ፣ በምን ያህል ውፍረት፣ ከምን ዓይነት አሸዋ ጋር የተሻለ እንደሚያቀዘቅዝ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚለካ ተማሪ እንፈልጋለን።

የስኳር መለኪያውንም እንይ። የደም ጠብታ የሚነካው ስትሪፕ ላይ ያለው ኢንዛይም ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር፣ ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይወጣል፤ መሣሪያው የሚለካው ያንን የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። አንዳንዱ ስትሪፕ ላይ ኦክስጅን ጣልቃ ስለሚገባ ከፍታ ቦታ ላይ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ከደባርቅ ብርድ እስከ መተማ ሐሩር ያለው መንገድ ራሱ መፈተሻ ነው።

የታማሚዎቻችንስ ነገር? የጎንደር ሐኪሞች ቀጭን፣ ወጣት፣ ድሃ የገጠር ሰው ላይ ስለሚታየው የስኳር በሽታ ከጻፉ ዓመታት አልፈዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና የሰጠው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በሴንሰር እየተመራ ኢንሱሊን የሚሰጠውን ፓምፕ የሚያዝዘው አልጎሪዝም፣ ማለትም የኮምፒውተር ስሌት፣ ግን በዋናነት የተፈተነው በሌላ አገር ሰው ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ እንጀራ በሽሮ የሚበላን ሰው ስኳር እንዴት እንደሚከታተል የእኛ ልጆች ቢያጠኑት ደስ ይለኛል።

ታዲያ እንዴት እናብቃቸው? ኢንሱሊንን ለሰው ያበቁት ሰዎች ሙያቸው አንድ አልነበረም። ባንቲንግ ቀዶ ሐኪም፣ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ሥራውን ሲጀምሩ የ22 ዓመት ወጣት፣ መድኃኒቱን ለሰው እስኪሆን ያጣራው ኮሊፕ ባዮኬሚስት ነበር። ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ገጠር እያወጣ ነው ያስተማረው። ዛሬ ባዮኢንጂነሩ አራተኛ ሆኖ ይግባ። የስኳር ክሊኒክ ውሎ፣ ጣት ሲወጋ፣ መርፌ ሲሰጥ፣ የእግር ቁስል ሲታጠብ ይይ። የመመረቂያ ሥራው ሁለት አማካሪ ይኑረው፤ አንዱ ኢንጂነር፣ አንዱ ሐኪም። ባዮኬሚስትሪም ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ አይሁን፤ ነገ ከግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል፣ ኢንሱሊን አመንጪ ሴል ማሳደግ የሚፈልግ ልጅ ያለ እሱ አይራመድም።

ከሁሉ በላይ ደመወዙ ነው። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ተመራቂ በፍላጎት ብቻ ላቦራቶሪ ውስጥ አይቆይም። ለጥቂት ልጆችም ቢሆን ደመወዝ ያለው የረዳት ተመራማሪ ቦታ ካልከፈትን ጎበዞቹን እናጣቸዋለን። ዩኒቨርሲቲዎችና ለጋሾች፣ ማሽን ስትገዙ ማሽኑ ላይ የሚመራመረውን ልጅም በጀት ውስጥ አስገቡልን።

ከሰዓት በኋላ በሥልጠናው ረቂቅ ላይ እንወያያለን። ሐኪሞች፣ በር ላይ መዝገብ አለ፤ አንድ አንድ ተማሪ ለማማከር ስማችሁን አስፍሩ። ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።