ሐዘን ሲተመን 1,000 ብር

ሰላም፦ ዳዊት፣ ልጁን መኪና የገደለበት አባት ከሰሰ እንበል። የሕክምናውንና የቀብሩን ወጪ ተወው፤ ለሐዘኑ ብቻ ስንት ይፈረድለታል?

ዳዊት፦ ቢበዛ 1,000 ብር።

ሰላም፦ አንድ ሺህ!

ዳዊት፦ አዎ። የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2116 ንዑስ አንቀጽ 3። ዳኛው አንጀቱ ቢላወስም ከዚያ አያልፍም። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ እነዚህ በጉዳቱ ልክ ይካሳሉ። ጣሪያው ለሐዘንና ለስቃይ በሚከፈለው የሞራል ካሳ ላይ ነው።

ሰላም፦ ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኮ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር።

ዳዊት፦ ነበር እንጂ! ዶላር 2 ብር ከ50 ገደማ ስለነበር 400 ዶላር ይሆናል። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ሐዘን በገንዘብ አይተመንም የሚለው ይገባኛል፤ ካሳው እንደ ምልክት ይታይ ቢባልም እስማማለሁ። ግን ምልክትም ክብር አለው። ይህ ልቅሶ ለደረሰ ሰው የታክሲ መመለሻ ነው የሚመስለው።

ሰላም፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የቅጂ መብት አዋጁ ነው፤ ቁጥር 410/1996።

ዳዊት፦ እሱማ የተገላቢጦሽ ነው። የደራሲው መብት ከተጣሰ የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር ማነስ የለበትም።

ሰላም፦ ለደራሲው ይገባዋል፣ አልቀንስበትም። ግን እግሩ የተቆረጠው ሰው የሚያገኘው ትልቁ፣ ደራሲው ከሚያገኘው ትንሹ መቶ እጥፍ ያንሳል። ይህን ለአንድ እናት እንዴት ብለህ ታስረዳታለህ?

ዳዊት፦ አይቻልም። ጣሪያ ሌላም አገር አለ። ካሊፎርኒያ በ1975 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ስህተት የሞራል ካሳ ከ250,000 ዶላር አይበልጥም ብላ ወሰነች፤ ለአሥርት ዓመታትም አልነካችውም። ከ2023 ጀምሮ ግን ለሞት 500,000፣ ለሌላው ጉዳት 350,000 ሆነ፤ በየዓመቱም ይጨምራል። እኛ ጋ ቁጥሩ እንደተጻፈ ቀረ።

ሰላም፦ ደግሞ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ አስበው። ባለ ደመወዙ የቀረበትን ገቢ ቆጥሮ ያስረዳል። የ6 ዓመት ሕፃን ሲሞት ግን ወላጆቹ ምን የደመወዝ ማስረጃ ያቀርባሉ?

ዳዊት፦ የላቸውም። የሚቀራቸው ያ 1,000 ብር ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከሕጉ ወጥቶ፣ መጠኑ በየጊዜው እየተከለሰ በመንግሥት ደንብ ይወሰን የምለው።

ሰላም፦ እስከዚያው ግን ጠበቃው አቤቱታው ላይ ያንኑ 1,000 ብር ይጽፋል።

ዳዊት፦ ይጽፋል፤ አባትየውም ይፈርምበታል።