ፍርድ ቤት ነጻ ብሎን ፈቃዳችን ሲወሰድ፦ ለንደን ለሚኖሩ ወገኖች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሥራዬ እንድነግራችሁ ነው የተጠራሁት። ባሪስተር ነኝ፤ የወንጀል ክሶችንና የሙያ ፈቃድ ጉዳዮችን እይዛለሁ። ዊጉንና ጥቁሩን ካባ በቴሌቪዥን አይታችሁታልና ልለፈው።

በዚህ አገር ጠበቃ ሁለት ዓይነት ነው። ማስረጃ የሚያሰባስበው፣ ደብዳቤ የሚጻጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሶሊሲተሩ ነው። ባሪስተሩ ችሎት ቆሞ ይከራከራል። ሶሊሲተር ጉዳይ ሲያመጣልኝ፣ መስኬ ከሆነ፣ ጊዜ ካለኝና ተገቢው ክፍያ ካለ፣ ደንበኛውን ጠላሁት ብዬ እምቢ አልልም። ተራ የደረሰው ታክሲ ተሳፋሪ እንደማያማርጥ ማለት ነው። «እንዲህ ላለ ሰው እንዴት ትከራከራለህ?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ልማዳችን አለ። ፖሊስ ሲይዘን «ንጹሕ ነኝ፤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» ብለን ብቻችንን ቃል እንሰጣለን። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የሕግ ምክር በነጻ ነው፤ ገቢያችሁን የሚጠይቅ የለም። አስተርጓሚም እንዲሁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላችሁ አትለፉት፤ ገበያ የሚያስገዛ እንግሊዝኛ ለምርመራ አይበቃም። ዝም ማለት መብታችሁ ነው፤ ግን ያኔ ያልተናገራችሁትን በኋላ ችሎት ላይ ብታነሱት ዝምታችሁ ሊጎዳችሁ ይችላል። መናገሩም ዝም ማለቱም መዘዝ አለው፤ ጠበቃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የምፈራላችሁ ኮሽን የሚሉትን፣ ፖሊስ የሚሰጠውን መደበኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ደክሟችሁ ቤት መግባት ብቻ በምትመኙበት ሰዓት፣ ጥፋቱን አምናችሁ ከፈረማችሁ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንደሚያልቅ ይነገራችኋል። አያልቅም። ነርስ ኮሽን መቀበሏን ራሷ የሙያ ፈቃዷን ለሚቆጣጠረው ለነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ኬር፣ ማለትም የአረጋውያንና የሕሙማን እንክብካቤ፣ ለምትሠሩም ዲቢኤስ በሚሉት የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ደግሞም ክሱን ረትታችሁ ብትወጡ እንኳ ሁለተኛው በር አልተዘጋም። በወንጀል ችሎት ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ ጥፋተኛ ለማለት እርግጠኛ መሆን አለበት። ምክር ቤቱ ዘንድ ግን ነገሩ ከአለመደረጉ ይልቅ መደረጉ ካመዘነ ይበቃል። ስለዚህ ጁሪ ነጻ ያላት ነርስ በዚያው ጉዳይ ከመዝገብ ልትሰረዝ ትችላለች፤ ከተሰረዘች አምስት ዓመት ሳይሞላ ልመለስ ብላ ማመልከት አትችልም። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ነው። «ነጻ ብለውኝ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ሕጉ ዓላማው ታካሚን መጠበቅ እንጂ መቅጣት አይደለም ይላል፤ ይገባኛል። ታግዶ ቤት ለተቀመጠ፣ የቤት ኪራይ ለሚጠበቅበት ሰው ግን ቅጣት አይደለም ቢሉት ማን ይሰማል?

ምክር ቤቱ ዘንድ ደግሞ መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ በአብዛኛው አይገኝም። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ዋጋው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ክስ ከመጣ በኋላ አባል ልሁን ቢሉ ግን ለዚያ ጉዳይ አይረዷችሁም።

ሚኒካብ፣ ማለትም ቀድሞ በቀጠሮ የሚያዘውን ታክሲ፣ ለምትነዱ አጭር ነገር ልጨምር። ላይሰንሳችሁ (የመሥሪያ ፈቃዳችሁ) ከተሰረዘ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት ያላችሁ 21 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከደረሳችሁ ጀምሮ ነው። ፖስታውን ፍሪጅ ላይ አስቀምጣችሁ አገር ቤት ደርሳችሁ አትመለሱ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። የራሳችሁን ጉዳይ ግን እዚህ ሰው ፊት አታንሱት፤ ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻችን እናወራለን።