ገበታውን የሰጠችው ሴት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከእማዬ ጋር ስላሳለፍኩት አንድ ቀን ላጫውታችሁ ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ 2017 ነው፤ የነቢያት ጾም ላይ ነበርን። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ዋሽንግተን መሀል የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሚባል አለ፣ እሱን ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ከካፒቶል ብዙም አይርቅም። በፈረንጆቹ ኅዳር 2017 የተከፈተ ነው። ሕንፃው ራሱ ድሮ የማቀዝቀዣ መጋዘን ነበር።

መግቢያው ላይ ሁለት ትልልቅ የነሐስ በሮች አሉ፣ ቁመታቸው 12 ሜትር ገደማ ነው። የኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ በላቲን ተቀርጾባቸዋል። ፊደሉ ግን የተገለበጠ ነው፤ የማተሚያ ፊደል መሆኑ ነው። እማዬ በሩን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች። አማተበችና ልትሳለመው ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ፣ ሙዚየም ነው» አልኳት።

«ቃሉ ተጽፎበታል አላልሽኝም?» አለችኝ። ተሳለመችው። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ዝም ብለው ጠበቁን።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ መንደር ሠርተዋል። የኢየሱስ ዘመን ናዝሬትን። (ናዝሬት ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚመጣብን አዳማ ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜ ጌታ ያደገው እዚያ ይመስለኝ ነበር።) በመስታወት ውስጥ እቃ የምታዩበት ዓይነት አይደለም። በመንደሩ መሀል ነው የምትሄዱት። ድንጋይ ቤቶች፣ ግቢ፣ የወይራ ዛፍ፣ ዘይት የሚጨመቅበት ትልቅ ድንጋይ፣ ሰዎች ለመንጻት የሚወርዱበት የውኃ ገንዳ። መጨረሻ ላይ ምኩራብ አለ። የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሰዎችም አሉ፤ ያነጋግሯችኋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ጥርጣሬ ነበረኝ። ግድግዳው የተሠራ ነው፣ ዛፉም የተሠራ ነው። እምነትን እንዲህ አስመስሎ መሥራት ደስ አይለኝም ነበር። እማዬ ግን ወፍጮው ጋ ስትደርስ ቆመች። የድንጋይ ወፍጮ፣ ከነመጁ። በጣቷ ዳበሰችው። ጣቷን አንስታ አየችው።

«ዱቄቱስ?» አለች።

የጥንቱን ልብስ ለብሳ ቆማ የነበረችው ወጣት ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፣ ተረጎምኩላት። እማዬ ቀጠለች። «ንገሪያት፣ ይሄ ወፍጮ አልተወቀረም። ካልወቀሩት አይፈጭም፣ እህሉ ይንሸራተታል።» ከዚያ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል፣ ክብደቱ በየትኛው ትከሻ እንደሚያርፍ አሳየቻት። መንዝ ነው ያደገችው። ሰባት ዓመቷ ላይ መፍጨት እንደጀመረች አውቅ ነበር። ስትፈጭ ግን አይቻት አላውቅም። እዚያ፣ በዋሽንግተን ሦስተኛ ፎቅ፣ ያለ እህል ስትፈጭ አየኋት።

«ሁለት ሴቶች በወፍጮ ይፈጫሉ፤ አንዲቱ ትወሰዳለች አንዲቱም ትቀራለች» የሚለውን የማቴዎስ ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ለእኔ የፍርድ ቀን ጥቅስ ነበር። ለእማዬ ግን መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ናቸው። ወገባቸውን ያማቸዋል። እኔ ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ልወስዳት አስቤ ነበር። እሷ የተጓዘችው ሃምሳ ስድሳ ዓመት ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እዚያው ትዝ አለኝ። እንግሊዝኛው ኢየሱስን አናጢ ይለዋል። የግሪኩ ቃል ግን ቴክቶን ነው፤ ከእንጨት ሠራተኛ ሰፋ ይላል፣ ግንበኛም ሊሆን ይችላል። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 6 ላይ «ጸራቢው» ይለዋል። ጠራቢ እንግዲህ የእንጨትም የድንጋይም ነው። በድንጋይ በተሞላ መንደር ለሚኖር ሰው እንዴት ያለ ልክ የሆነ ቃል ነው! በዚህ ቃል እኮራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ይህ ሙዚየም በፈረንጆቹ 2020 ትልቅ ነገር ደርሶበታል። የሙት ባሕር ጥቅልሎች፣ ማለትም በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙት ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፎች፣ ቁርጥራጭ ናቸው ተብለው የተገዙ 16 ቁራጮች ነበሩት። ተመረመሩ፤ ሁሉም የተጭበረበሩ ሆነው ተገኙ። ሙዚየሙ ራሱ አስመርምሮ ራሱ አሳወቀ፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። ስለዚህ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ «ይሄ እውነተኛ ነው» ሲባል ቆም እላለሁ። የተሠራው መንደር አያታልልም፤ የተሠራ መሆኑን ያውቃል። «ጥንታዊ ነው» የሚባለው ነው የሚያስፈራኝ።

በዚያ ሰሞን ግን ከእስራኤል በውሰት የመጣ አንድ ነገር እዚያ ነበር። የመጊዶ ሞዛይክ ይባላል። በፈረንጆቹ 2005 እስራኤል ውስጥ መጊዶ ላይ አንድ እስር ቤት ሊያስፋፉ ሲሉ መሬቱ ተቆፈረ። በቁፋሮው እስረኞችም ሠርተዋል። ከሥሩ 54 ካሬ ሜትር የሚሆን የጸሎት አዳራሽ ወለል ወጣ። ሊቃውንቱ በ230 ገደማ የተሠራ ነው ይላሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በትንንሽ ባለቀለም ድንጋዮች የተነጠፈ ነው። ሁለት ዓሣዎች አሉበት። በግሪክ የተጻፉ ጽሑፎችም አሉበት።

230ን አስቡት። ክርስትና በሮም መንግሥት ገና አልተፈቀደም። እኛ ስለ ክርስትና አጀማመር ስንማር ከነገሥታት ነው የምንጀምረው። ቆስጠንጢኖስ፣ 313። ኢዛና፣ ሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃ በመስቀል የተካው። ይህ ወለል የኢዛናን መጠመቅ መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ማን እንዳሠራው እዚያው ተጽፏል። ጋያኖስ የሚባል የመቶ አለቃ ነው፣ የሮም ወታደር፣ በራሱ ገንዘብ። ጽሑፉ «ወንድማችን» ይለዋል። የሠራው ባለሙያ ብሩቲዮስ ስሙ ተጽፏል። ከዚያ አራት ሴቶችን አስቡ ይላል፤ ፕሪሚላን፣ ኪርያቃን፣ ዶሮቴያን፣ ክሬስቴን። ምን እንዳደረጉ አይናገርም። አስቧቸው ብቻ ይላል።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ሌላው ጽሑፍ ነው። ለእማዬ ቀስ ብዬ ተረጎምኩላት። «እግዚአብሔርን የምትወድ አኬፕቱስ ይህን ገበታ ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ ለመታሰቢያ አቀረበች።»

እማዬ ዝም ብላ አየችው። «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«ይሄማ ዝክር ነው» አለች።

እኔ ስለ ጽሑፉ አንብቤ ነበር። ክርስቶስን አምላክ ብሎ የሚጠራ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ጽሑፍ መገኘቱ ብዙ እንዳነጋገረም አውቅ ነበር። የሥነ መለኮት ክርክር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ዝክር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። እማዬ ግን ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላት። ተራዋ ሲደርስ ቤቱ ከሌሊት ጀምሮ የጠላና የዳቦ ሽታ ይሞላዋል። መሶቡ ይወጣል። እኔ ልጅ ሆኜ በማኅበር ቀን እናደድ ነበር፤ ወንበር ማመላለስ፣ ብርጭቆ ማጠብ። ሃይማኖት ማለት ለእኔ ቅዳሴውና መጽሐፉ ነበር፣ ማኅበሩ የሴቶች ድካም ነበር። አሁን አፍሬበታለሁ። ሰዎች ስለ ክርስቶስ አምላክነት የሚጠቅሱት ያ ጥንታዊ ጽሑፍ አንዲት ሴት ገበታ ስለሰጠች የተጻፈ ነው። ምግብ የሚቀርብበት፣ ሰው የሚከበው ገበታ። ገበታው ባይኖር ጽሑፉም አይኖርም ነበር።

እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ስማቸው የክርስትና ስማቸው ነው?» ዶሮቴያ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ኪርያቃ ደግሞ የጌታ እንደማለት ነው። «በይ ነፍስ ይማር» አለች፣ አራቱንም። በ230 ለነበሩ ሰዎች፣ ትናንት እንደተቀበሩ ጎረቤቶች።

ከዚያ ወጣን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና የጾም ምግብ ፍለጋ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ። መንገድ ላይ ብዙም አላወራችም። ቤት ገብተን ሽሮው ምድጃ ላይ እያለ ቦርሳዋን ከፈተች። ውዳሴ ማርያሟን አወጣች። መጽሐፉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት አለ፤ ለቄሱ በጸሎት እንዲያስቧቸው የምትሰጣቸው ስሞች ዝርዝር ነው። አባቴ አለበት። አያቴም አለችበት።

እስክሪቢቶ ሰጠችኝ። «የነዚያን ሴቶች ስም ጻፊልኝ፣ አልያዝኩትም።»

ፕሪሚላ ብዬ ጀመርኩ። ትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች። እጄን ያዝ አደረገችው።

«እሷን ከላይ ጻፊያት» አለችኝ። «ገበታውን የሰጠችዋን።»