ሰላጣ ከጉሊት ይጀምራል፦ በእድራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

መዋጮው ተሰብስቧል፣ ቅጣቱም ተነግሯል። የቀረችውን ጊዜ ለእኔ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሆቴል ወጥ ቤት ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተቀራርበው ስለሚገቡ «ስለ ሰላጣ አንድ ነገር ንገሪን» ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። በዚህ ነገር ላይ ለዓመታት ሆዴ ውስጥ ይዤው የቆየሁት ቅሬታ ስላለኝ።

ምን መሰላችሁ? ሰላጣ ሊሠራ ሲታሰብ ሁላችንም የምንጨነቀው ለቲማቲሙ ነው። ቲማቲም ይመረጣል። አቮካዶ እየተጫነ ይታያል። ቃሪያ ያቃጥል አያቃጥል እንደሆነ ይጠየቃል። ቅጠሉስ? «እስቲ ሰላጣም ጣል አድርጊበት» ተብሎ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ሰሃን ላይ ሲቀርብ ውሃ ያዘለ፣ የጠወለገ፣ ጣዕም የሚባል የሌለው ነገር ይሆናል። ልጆች ወደ ዳር ይገፉታል። እኛም «ልጆቼ ቅጠል አይወዱም» እንላለን። ልጆቹ ልክ ናቸው። ያንን ቅጠል እኔም አልበላውም።

እንግዲህ ከጉሊት እንነሳ። ሰላጣ ስታነሱ መጀመሪያ ገልብጡትና የተቆረጠበትን ቦታ እዩ። ነጭና እርጥብ ከሆነ በቅርብ የተቆረጠ ነው። ቡኒ ወይም ዝገት የመሰለ ቀለም ካመጣ ሰንብቷል። የላይኛው ቅጠል ማብረቅረቁ አያታላችሁ፤ ውሃ ተረጭቶበት ነው። ሻጯም ምን ታድርግ፣ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው። ቀጥሎ መሃሉን በሁለት ጣት ከፈት አድርጉት። የመሃሉ ለጋ ቅጠል ጫፉ ከጠቆረ ወይም ከተዝለገለገ ተዉት። በመጨረሻ አንዱን የውጭ ቅጠል አጠፍ አድርጉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ውሰዱት። እንደ ጨርቅ ከተጣጠፈ ቤት ደርሶም አይነሳም። ደግሞ አትፍሩ፣ አንድ ቅጠል ስለሰበራችሁ የሚቆጣ ሰው የለም። ከተቆጣችም ቀጣዩዋ ጋ ሂዱ።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የመሃሉ አገዳ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ሰላጣው ሊያብብ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ይመራል። ሲሰበር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ የሚያመርረው እሱ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ሰላጣ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ተክል ነው። የእኛ ደጋ ለእሱ የተመቸ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጠን የመረረ ሰላጣ የምንበላበት ምክንያት የለንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ከትኩስነቱም ከጣዕሙም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። በምን ውሃ ነው ያደገው?

ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ከተማችንን አቋርጠው ነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት። በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ሁሉ ይቀበላሉ። በዚህ ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ሲመረት ኖሯል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ሌላ ውሃ ቢያገኝ ይጠላ ነበር? ግን የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው በዚህ ውሃ የለማ ቅጠል ላይ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የሚባሉ ጎጂ ብረቶች አግኝተዋል። የጥገኛ ትላትል እንቁላልም አግኝተዋል። በዚህ ነገር ከሌላው አትክልት ይልቅ የሚጎዳው ቅጠሉ ነው። ቲማቲም ከመሬት ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ብረቱንም ወደ ፍሬው ብዙ አያስገባም። ሰላጣ ግን መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። የምንበላውም ራሱን ቅጠሉን ነው፤ ያውም ጥሬውን።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። ሁለቱ ችግሮች አንድ አይደሉም። ትሉ ከላይ ነው ያለው፤ እጥበት ይቀንሰዋል፣ ቅቅል ይገድለዋል። እርሳሱ ግን ቅጠሉ ውስጥ ገብቷል። ብታጥቡትም ብትቀቅሉትም አይወጣም። «ጎመን በጤና» እንላለን፤ እንዲህ ያለው ጎመን ግን ጤናውን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ አንድ የምታምኗት ሻጭ ይኑራችሁ። «ከየት ነው የመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ስትጠይቁ «የሆለታ ነው» ልትላችሁ ትችላለች፤ ሁሉም ቅጠል የሆለታ ይሆናል። ደንበኛ ሆናችሁ ደጋግማችሁ ስትጠይቁ ግን እውነቱን ትነግራችኋለች። ምንጩን ያላወቃችሁትን ቅጠል አትብሉ። በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት።

ከሁሉም የሚሻለው ግን በረንዳ ላይ ማብቀል ነው። «በኮንዶሚኒየም?» እንዳትሉኝ። ሰላጣ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃዋል፤ ከሥሩ መበሳት ብቻ አትርሱ። ዘሩን በጥልቀት አትቅበሩ። ብርሃን ይፈልጋል፤ አፈር ነስነስ ብታደርጉበት በቂ ነው። የማይጠቀለለውን ዓይነት ዝሩ። እሱን መንቀል አያስፈልግም። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ ጀምሮ ዙሪያውን ያለውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ መሃሉን ትተዉታላችሁ፣ እንደገና ያወጣል። የቧንቧ ውሃ ነው የሚጠጣው። ከየት መጣ የሚል ጥያቄ የለም።

እሺ፣ ምን ምን ቅጠል እንግዛ? የእኔ ደንብ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻውን ሰላጣ አይሆንም። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ጥርስ ላይ የሚሰማ፣ አንዱ ደግሞ አፍ የሚያነቃ።

ለስላሳው የተለመደው አረንጓዴ ሰላጣ ነው። ሱፐርማርኬት ከሄዳችሁ ጠርዙ ቀይ ሆኖ የተጨማደደውን ሎሎ ሮሶ ታገኛላችሁ። ቆንጆ ነው፣ ግን ቶሎ ይጠወልጋል፤ የዕለቱን ብቻ ግዙ። ጥርስ ላይ ለሚሰማው አይስበርግ የሚባለው ጥቅል ሰላጣ አለ። ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። እኔ ለእሱ ገንዘብ አላወጣም። ጥቅል ጎመን በስሱ ተከትፎ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ዋጋውም ለኪስ አይከብድም። ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር ቅጠሉ ውስጥ ያለው ጠቃሚ ነገር ይበዛል፤ ለዓይንም ለደምም የሚጠቅመው ያ ነው። የሐበሻ ጎመን ለጋውን ጥሬውን ሞክሩት። አትሳቁ! አገዳውን አውጡ፣ ቅጠሉን እንደ ክር አድርጋችሁ ክተፉት፣ ጨውና ሎሚ አድርጋችሁ በእጃችሁ እሹት። ትንሽ ቆይቶ ለስልሶ ታገኙታላችሁ።

አፍ የሚያነቃው ደግሞ ሩኮላ ነው ይላሉ ሆቴሎቹ። ጥሩ ነው፣ ካገኛችሁት። ግን ቤታችን ውስጥ ሌላ አለን። ፌጦ!

አዎ፣ ያ ለሆድ ቁርጠት የምታስቀምጡት ፌጦ። እኛ ዘሩን ለመድኃኒት እናስቀምጣለን። እንግሊዞች ቡቃያውን ከእንቁላል ጋር ሳንድዊች ውስጥ ያደርጉታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰሃን ላይ ጥጥ አንጥፉ፣ በንጹሕ ውሃ አርጥቡት፣ ለምግብ የተገዛ ንጹሕ የፌጦ ዘር በስሱ በትኑበት። ዘሩ ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፤ አትደንግጡ፣ ጠባዩ ነው። በሁለት በሦስት ቀን ነጭ ሥር ያወጣል። መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ጥጡ እንዳይደርቅ፣ ውሃም እንዳይተኛበት። በሳምንት በአሥር ቀን ጣት የሚያህል አረንጓዴ ይሆናል። በመቀስ ከላይ ቁረጡና ሰላጣው ላይ በትኑት። ሰናፍጭ የመሰለ ማቃጠል አለው። ልጆች ሲያድግ ማየት ስለሚወዱ የዘሩትን ይበሉታል።

ሁለተኛው የምንጥለው ቅጠል የቀይ ሥር ነው። ቀይ ሥርና ቆስጣ በሳይንሱ አንድ ዝርያ ናቸው። አንዱን ለሥሩ፣ ሌላውን ለቅጠሉ ሰው እየመረጠ አራባቸው እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። ታዲያ ቆስጣውን በብር ገዝተን የቀይ ሥሩን ቅጠል ለምን እንጥላለን? ለጋ ለጋውን ለዩት፤ አገዳው ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ሰሃኑን ያሳምረዋል። ትልልቁን ከቆስጣው ጋር ቀቅሉት። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ሁለቱንም እንዳያበዛ፤ ኦክሳሌት የሚባል ጠጠሩን የሚያባብስ ነገር አላቸው።

ፔርሰሜሎ፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠልና በሶብላ ጌጥ አይደሉም። በሶብላን በርበሬ ውስጥ ደርቆ ብቻ ነው የምናውቀው። እርጥቡን አምስት ስድስት ቅጠል ቀድዳችሁ ቲማቲም ካለበት ሰላጣ ጋር አገናኙት፣ ከዚያ ንገሩኝ።

አጠባው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰላጣ እንዳለ ቧንቧ ስር አይታጠብም። ቅጠል በቅጠል ይለያል፤ አፈሩ ያለው ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። በትልቅ ሳፋ ብዙ ውሃ ሙሉ። ቅጠሉን አስገብታችሁ በእጃችሁ አማስሉት፣ ትንሽ ተዉት፣ ከዚያ ቅጠሉን ወደ ላይ አንሱት። ውሃውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ አታፍስሱ! የዘቀጠውን አሸዋ መልሳችሁ በላዩ ላይ ደፋችሁት ማለት ነው። ሳፋው ሥር አሸዋ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ እየቀያየራችሁ ድገሙት። ማጠቃለያው ላይ እያንዳንዱን ቅጠል በሚወርድ ውሃ እሹት። ጨው ያለበት ውሃ ትናንሽ ነፍሳትን ያስለቅቃል። አቼቶም ክፉ አይደለም። ግን አቼቶ የወስፋት እንቁላል አይገድልም፤ «በአቼቶ አጥቤዋለሁ» ብላችሁ ልባችሁን አትጣሉ። ዋናው ሥራ የእጅና የሚወርድ ውሃ ነው።

ከዚያ ይድረቅ። ይሄን የሚያደርግ ቤት ጥቂት ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይይዝም፤ ሎሚውም ይቀጥናል፣ ሰሃኑ ሥር ውሃ ይተኛል። ንጹሕ ፎጣ ውስጥ ቋጥሩትና በረንዳ ላይ ወጥታችሁ አወናጭፉት። ጎረቤት ያያችኋል፤ ይይ። የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ሙዝና የበሰለ አቮካዶ አጠገብ ግን አታስቀምጡት፤ ከእነሱ የሚወጣው ጋዝ ቅጠሉን ቶሎ ያበላሸዋል።

ማጣፈጫው አጭር ነው። ሁለት እጅ ዘይት፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ ጨው፣ የተበጠበጠ ሰናፍጭ በሻይ ማንኪያ ጫፍ። ክዳን ባለው ብርጭቆ ነቅንቁት። ሰናፍጩ ዘይቱንና ሎሚውን ያስማማቸዋል። «ዘይት ለምን፣ እኔ ክብደት እየቀነስኩ ነው» የምትሉ አላችሁ። ያለ ዘይት ከቅጠሉ የሚገኘውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ትንሽ አድርጉ። ለስላሳው ሰላጣ ላይ የምታፈሱት ሰው ማዕድ ሲቀርብ ነው። አፍጥር ከሆነ አዛን ሲሰማ። የታሸው ጎመንና ጥቅል ጎመኑ ግን ቀድሞ ቢለወስ ጭራሽ ይጥማል፤ ለድግስ እነሱን አስቀድሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከመካከላችን በልብ ምክንያት ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሊኖር ይችላል። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሰዋል። ቅጠል አትብሉ ማለቴ አይደለም። ጾም ገባ ብላችሁ በአንድ ጊዜ አታብዙ፤ ጾም ሲፈታም በአንድ ጊዜ አታቋርጡ። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ የታጠበ ቅጠል በየሰሃኑ አለ። ሁሉም ከእኔ በረንዳና ውሃውን ከማውቀው ጓሮ የመጣ ነው። ዘይትና ሎሚ የለበትም፤ ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ቅመሱ፣ የትኛው ለስላሳ፣ የትኛው የሚያቃጥል እንደሆነ አፋችሁ ይለይ። የፌጦ ዘር የምትፈልጉ ደግሞ በወረቀት ቋጥሬ አምጥቻለሁ። ለየቤቱ አንድ አንድ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ በስም ይጥሩ። አመሰግናለሁ!