የሳልመን እኩል፦ በዋሽንግተን ስቴት ዘንግና መረብ ለምን አይስማሙም?

[በምስል፦ ዱዋሚሽ ወንዝ፤ ከጀርባ የሲያትል ፎቆች]

ሲያትል የምትኖሩ ይህን ወንዝ ታውቁታላችሁ። ዱዋሚሽ ነው። ኦገስት ሲጋመስ ሳልመን የሚባለው አሳ ከባሕር መመለስ ይጀምራል፤ በዚያ ሰሞን ዳርቻው ዘንግ በያዘ ሰው ይሞላል። ፈቃድ በገንዘቡ አውጥቶ፣ ሌሊት ተነስቶ ቦታ የያዘ ሰው ነው። ለቀኑ የተፈቀደለት አሳ በጣት የሚቆጠር ነው። ታዲያ ቀና ሲል ውሃው ላይ ተንሳፋፊ ኳሶች በመስመር ተደርድረው ያያል። መክልሹት የሚባለው የነባር አሜሪካውያን ጎሳ መረብ ነው።

ከዚያ ማጉረምረም ይመጣል። «እነሱ በመረብ እየዛቁ ለእኛ መንጠቆ?»

ይህ ጸብ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ሰው ታስሮበታል፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶበታል፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዛሬ እሱን እናያለን። ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች ነው። ዋሽንግተን ስልም ዲሲን ማለቴ አይደለም።

[በምስል፦ የፑጀት ሳውንድ ካርታ፤ ወንዞቹ አንድ በአንድ ይበራሉ]

በ1854 እና በ1855 የዋሽንግተን ግዛት ገዢ የነበረው አይዛክ ስቲቨንስ በዚህ አካባቢ ካሉ ጎሳዎች ጋር በላይ በላዩ ውል ተፈራረመ። ጥድፊያ የበዛበት ሥራ ነበር። ንግግሩ የተካሄደው ቺኑክ ጃርገን በሚባል የገበያ መግባቢያ ነው፤ ያለው ቃል ጥቂት መቶ ብቻ ነው። በዚያ ቋንቋ ስለ መሬት ይዞታና ስለ መብት መዋዋል ምን እንደሚመስል አስቡት።

ጎሳዎቹ እጅግ ሰፊ መሬት ለቀቁ። ትንንሽ የተከለሉ ቦታዎችና ጥቂት ገንዘብ ቀረላቸው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ያዙ፦ ከጥንት በለመዱት ቦታ ሁሉ፣ «ከግዛቱ ዜጎች ጋር በጋራ» አሳ የማጥመድ መብት።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። «መንግሥት ለነሱ ልዩ መብት ሰጣቸው» ሲባል ትሰማላችሁ። ማንም አልሰጣቸውም። አሳው ድሮም የነሱ ነበር። መሬቱን ሲለቁ አሳውን አስቀሩ፣ ያውም ግማሹን ብቻ። ሰጪና ተቀባይ ካልን፣ ሰጪዎቹ እነሱ ናቸው።

ከዚያስ? የአሳ ማሸጊያ ፋብሪካዎች መጡ፣ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች መጡ። የሳልመንን መንገድ ካላወቅን ቀጥሎ የሆነው አይገባንም። ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ለመራባት ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል። ሲመለስ በአላስካና በካናዳ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ፑጀት ሳውንድ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል፣ በመጨረሻ ወንዙ አፍ ይደርሳል። ጎሳዎቹ የሚጠብቁት እዚያ፣ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ነው። ከፊት ያለው ሁሉ ድርሻውን ወስዶ ሲያበቃ ስቴቱ ወደ ወንዙ ዞሮ «አሳው እያለቀ ነው፣ መረባችሁን አንሱ» ይላቸው ነበር። ከ1974 በፊት ለጎሳዎቹ የሚደርሳቸው ከጠቅላላው ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነበር።

ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የሚባል የኒስኳሊ ጎሳ ልጅ ነበር። በ1945፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ መረብ ጥለህ ተገኝተሃል ተብሎ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1960ዎቹ ጎሳዎቹ ሆን ብለው እየታዩ ማጥመድ ጀመሩ። ማጥመዱ ራሱ ሰልፍ ሆነ ማለት ነው። በ1964 ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ አብሯቸው ጀልባ ላይ ወጥቶ ተያዘ። በሴፕቴምበር 1970 ፖሊስ በፑያለፕ ወንዝ ዳር የነበረውን ካምፕ በአስለቃሽ ጭስ በተነው። በዚያው ወር የፌዴራል መንግሥት ጎሳዎቹን ወግኖ የዋሽንግተን ስቴትን ከሰሰ።

[በምስል፦ የዳኛ ጆርጅ ቦልት ፎቶ]

ዳኛው ጆርጅ ቦልት ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የሾመው፣ ወግ አጥባቂ የሚባል ሰው ነው። ከሱ ብዙ የጠበቀ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 ግን ፍርዱን ሰጠ፦ «በጋራ» ማለት ዕድሉን እኩል መካፈል ነው። ግማሽ ለጎሳዎቹ፣ ግማሽ ለሌላው።

ነገሩ ሰማይና ምድር አደበላለቀ። የቦልትን ምስል ሠርተው አቃጠሉ። ነጋዴ አጥማጆች ፍርዱን እየጣሱ መረብ ጣሉ፤ ስቴቱም ለማስከበር እምቢ ስላለ የአሳውን ቁጥጥር ፍርድ ቤቱ ራሱ ያዘው። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፍርዱን ዋና ሐሳብ አጸና።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ጸቡ ያለው እዚህ ነው።

ግማሽ ሲባል የአሳው ሁሉ ግማሽ አይደለም። የእኩል እርሻ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ መጀመሪያ ዘሩ ይነሳል፣ ቀሪው ነው የሚካፈለው። ለምሳሌ አንድ ወንዝ ላይ 1,000 አሳ ይመለሳል እንበል። ለመራባት 600 ያስፈልጋል። የሚካፈለው 400 ነው፤ ለጎሳዎቹ 200፣ ለሌላው 200። ዘንግ የያዘው ሰው ደግሞ ያንን 200 ለብቻው አያገኝም። የንግድ ጀልባዎች አሉ። ያን ግማሽ ለነማን እንደሚያከፋፍል የሚወስነው ስቴቱ ነው፣ ጎሳዎቹ የሉበትም። የወንዝ ዳሩ ሰው ግን በዓይኑ የሚያየው መረቡን ነው። የመንግሥት ቢሮ ወንዝ ላይ አይንሳፈፍም።

ሌላም አለ። ቺኑክ የሚባለው የፑጀት ሳውንድ የሳልመን ዓይነት ከ1999 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ ይጠበቃል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ቺኑክ የያዘ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ያያል። ከጅራቱ ከፍ ብሎ ትንሽ ለስላሳ ክንፍ አለች። ተቆርጣ ጠባሳዋ ከዳነ፣ አሳው ማራቢያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ ይወሰዳል። ክንፏ ካለች የወንዙ የራሱ ዘር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ከውሃ ሳይወጣ ይለቀቃል። ከተለቀቁት የተወሰኑት ይሞታሉ፤ ያም ከድርሻው ይቆረጣል። አሳ ሳይበሉ ድርሻ ማለቅ ማለት ይኼ ነው። አጥማጁ ቢናደድ አይፈረድበትም።

ባሕሩ ላይ ደግሞ የየወንዙ አሳ ተቀላቅሎ ነው የሚዋኘው። ስለዚህ ስቲላጉዋሚሽ የሚባለው ወንዝ ቺኑኩ ካነሰ፣ ከዚያ ራቅ ያለ ቦታ ያለው ማጥመጃ ጭምር ሊዘጋ ይችላል። የስቲላጉዋሚሽ ጎሳ ራሱ ለሥነ ሥርዓት ከምትሆን ጥቂት በቀር ቺኑክ ማጥመድ ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይህን ወንዝ ዳር ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

[በምስል፦ የስብሰባ አዳራሽ፤ የተዘጋ በር]

ክፍፍሉ በየዓመቱ ይደራደሩበታል። ከብርዱ ወቅት መውጫ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል ስቴቱና በምዕራብ ዋሽንግተን ያሉ 20 ጎሳዎች ይቀመጣሉ። ድርድሩ ኖርዝ ኦፍ ፋልከን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ኦሪገን ካለው ኬፕ ፋልከን ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ስብሰባዎች አሉ። ዋናው ንግግር ግን በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ነው፣ ጎሳዎቹም እንደ መንግሥት ስለሚቆጠሩ፤ አጥማጁ በር ላይ ይቀራል። እኔ የዘንግ አጥማጆች ቅሬታ ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ይኼኛው ይመስለኛል። ጎሳዎቹ መረብ ጣሉ ብሎ መክሰስ አያስኬድም። «ስቴቱ በእኔ ስም ምን ተደራደረ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያስኬዳል።

በ2016 ድርድሩ ፈረሰ። ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓይነት በጣም እንደሚያንስ ተተንብዮ ነበር፤ በምን ያህል እንቀንስ ላይ አልተስማሙም። ሜይ 1 ላይ ፑጀት ሳውንድ ለዘንግ አጥማጆች ተዘጋ። የተስማሙት ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ለምን ስቴቱ ብቻውን አይከፍተውም? ምክንያቱም ጥበቃ የሚደረግለት ዝርያ ባለበት ውሃ ለማጥመድ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። ስምምነት ሲኖር ስቴቱ በጎሳዎቹ በኩል በሚገኘው ፈቃድ ይጠቀማል። ስምምነት ከሌለ ለብቻው ማመልከት አለበት፤ እሱ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ጎሳዎቹ ጡንቻ ያገኙት ከዚህ ነው።

ሁለቱም ወገን ስለ ግማሹ ሲጨቃጨቅ የሚካፈለው ራሱ አነሰ። ግድቡ፣ የተመነጠረው ደን፣ በአስፋልት የተሸፈነው መሬት አሉ። አንዱ ጥፋተኛ ደግሞ የማይጠረጠር ነው፦ ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ። አፉ ከወንዙ ከፍ ብሎ ከተቀበረ፣ ወይም ውሃው በውስጡ በኃይል ከወረደ፣ አሳው ሊወጣ አይችልም። ከቱቦው በላይ ያለው ጥሩ ማራቢያ ሁሉ ባዶውን ይቀራል።

ጎሳዎቹ በዚህም ከሰሱ። ስቴቱ «ውሉ እኮ አሳ ይኖራል ብሎ ቃል አልገባም» ብሎ ተከራከረ። በ2018 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ዳኛ ራሳቸውን ስላገለሉ ድምፁ አራት ለአራት ሆነ፤ እኩል ሲሆን የታችኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ይጸናል። ስቴቱ ተሸነፈ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱቦዎችን ማስተካከል አለበት፣ አብዛኛውንም እስከ 2030። ወጪው በቢሊዮን ዶላር ነው። በምዕራብ ዋሽንግተን ስትነዱ አውራ ጎዳና ተዘግቶ አስፋልቱ ከሥሩ ተቆፍሮ፣ በቱቦው ፋንታ ድልድይ ሲሠራ ካጋጠማችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ፍርድ ነው።